ቦግ ያሉት ሕዋሳት

የዶክትሬት ተማሪ ሳለሁ፣ ስታውሮስፖሪን በተሰኘ መርዝ የሚሞቱ የሄላ ሕዋሳት (በቤተ ሙከራ የሚራቡ የሰው ካንሰር ሕዋሳት) የማይቶኮንድሪያ፣ ማለትም የኃይል ማመንጫ ክፍሎቻቸው፣ ሽፋን ቮልቴጅ መቼ እንደሚያጡ በማይክሮስኮፕ እከታተል ነበር። የምጠቀምበት ቲኤምአርኤም የተባለው ቀለም አዎንታዊ ቻርጅ ስላለው፣ ውስጡ አሉታዊ ወደሆነው ማይቶኮንድሪያ ተስቦ ይገባል፤ በየ60 ሚሊቮልቱ ክምችቱ አሥር እጥፍ ገደማ ስለሚያድግ፣ 150 ሚሊቮልት አካባቢ ያለው ጤነኛ ማይቶኮንድሪያ ቀለሙን በመቶዎች እጥፍ አብዝቶ ይይዘዋል። ቮልቴጁ ሲወድቅ ቀለሙ ይወጣል፣ ብርሃኑም ይደበዝዛል፤ የጠበቅሁት ይህንን ነበር።

ያየሁት ግን ተቃራኒውን ነው። መርዙን ከጨመርኩ ከሰዓታት በኋላ አንዱ ሕዋስ ድንገት ቦግ ይላል፤ ክር የሚመስሉት ማይቶኮንድሪያ ጠፍተው ቀለሙ ኒውክሊየሱን ሳይቀር ይሞላና በደቂቃዎች ውስጥ ይከስማል። ክሮቹ ሲጠፉ በዓይኔ እያየሁ፣ ያመንኩት ግን ሶፍትዌሩ ያወጣልኝን የአማካይ ብርሃን ግራፍ መሆኑ ዛሬም ያሳፍረኛል። «ማይቶኮንድሪያ ቮልቴጃቸው ከሞት በፊት ይጨምራል» የሚል ስላይድ አዘጋጀሁ፤ እንዲህ የሚሉ የምርምር ጽሑፎች ማንበቤም ድፍረት ሰጥቶኝ ነበር።

በሳምንታዊው ስብሰባ ላይ አንዲት አንጋፋ ተመራማሪ ግራፉን ጥቂት ተመልክተው «ኤፍሲሲፒ ጨምረህ አይተሃል?» ሲሉ ጠየቁኝ። ኤፍሲሲፒ ፕሮቶኖችን በሽፋኑ እያሻገረ ቮልቴጁን የሚያፈርስ ኬሚካል ነው፤ ማንኛውም ጀማሪ ሊጨምረው የሚገባውን እኔ ዘልዬው ነበር። ከሰዓት በኋላ መርዝ ባልነካቸው ሕዋሳት ላይ ጠብ አደረግሁት፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ቦግ አሉ።

ምክንያቱ የቀለሙ መብዛት ነበር። ቲኤምአርኤም በማይቶኮንድሪያ ውስጥ ከልክ በላይ ሲታጨቅ ሞለኪውሎቹ አንዱ የሌላውን ብርሃን ያፍናሉ፤ ቮልቴጁ ወድቆ ወደ ሳይቶፕላዝም ሲፈስሱ ግን መታፈኑ ይለቃቸውና ለአፍታ ያበራሉ። ይህ ደግሞ እጠቀምበታለሁ ብዬ በማስበው 20 ናኖሞላር ላይ መታየት አልነበረበትም። ማቀዝቀዣውን ከፍቼ ቱቦዬን ሳወጣ፣ ክዳኑ ላይ በራሴ እጅ «10» ተጽፏል፤ 10 ማይክሮሞላር ብዬ ሳነበው የከረምኩት ይህንን ነበር፤ ጎኑ ላይ፣ ያውም በራሴው እጅ፣ «100 ማይክሮሞላር» ይላል። ከእርሱ 2 ማይክሮሊትር ወስጄ በ1 ሚሊሊትር ስበርዝ የከረምኩት 200 ናኖሞላር ነበር። መጠኑ በራሱ ነውር የለውም፤ ፈጣን ለውጥን ለማየት ሆን ብለው የሚጠቀሙበት አሉ። የእኔ ጥፋት በየትኛው አሠራር ላይ እንዳለሁ ሳላውቅ ግራፉን መተርጎሜ ነው።

ሙከራውን በ20 ናኖሞላር፣ ቀለሙን ከሕዋሳቱ ላይ ሳላጥብ፣ በየሳህኑ መጨረሻ ላይ ኤፍሲሲፒ እየጨመርኩ ደገምኩት። በመርዙ የሚሞቱት ሕዋሳት፣ ኤፍሲሲፒ እንደጨመርኩባቸው በአንድነት ሳይሆን፣ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ሰዓት ደበዘዙ፤ አንዱ በሁለተኛው ሰዓት፣ አጠገቡ ያለው ደግሞ በአምስተኛው፤ ቦግ ያለ ግን አንድም አልነበረም።