ኦክስጅን የማይለቅ ደም

ደም ባንክ ሦስት ሳምንት የተቀመጠ ቀይ የደም ሴል ኦክስጅን መጫን አያቅተውም፤ የሚቸግረው ማራገፉ ነው። ኦክስጅን ተሸካሚው ሄሞግሎቢን ጭኖ የመጣውን እንዲለቅ የሚያደርገው 2,3-ዲፒጂ የተባለ የሴሉ ንጥረ ነገር ማቀዝቀዣ ውስጥ በሁለት ሳምንት ገደማ ተሟጦ ያልቃል። ያኔ ፒ50፣ ማለትም ግማሹ ሄሞግሎቢን ኦክስጅን የሚይዝበት የኦክስጅን ግፊት፣ ከ27 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ወደ 17 አካባቢ ይወርዳል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል እንጂ ሲሰላ ሌላ ነው፦ ግፊቱ 40 በሆነበት ደም መልስ ውስጥ ትኩሱ ደም 74 በመቶ ይዞ ሲመለስ፣ የቆየው 91 በመቶውን እንዳቀፈ ወደ ሳንባ ይሄዳል።

የቆየው ደም ማደሻ 50 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ነው፤ ኢኖሲን፣ ፓይሩቬት፣ አዴኒንና ፎስፌት አለበት። ኢኖሲን የሴሉን የኃይል ስንቅ፣ ኤቲፒን፣ ሳያስከፍል ዲፒጂ ወደሚሠራበት የስኳር ማቃጠያ መስመር ይገባል፤ ፓይሩቬት መስመሩ እንዳይዘጋ ይጠብቃል። ፈሳሹ ከረጢቱ ውስጥ ከተጨመረ በኋላ በ37 ዲግሪ ለ60 ደቂቃ ይቆያል። ውኃ ውስጥ የሚሞቅ ከሆነ በሌላ ፕላስቲክ ይጠቅለል፤ የከረጢቱን አፍ የነካ ውኃ ባክቴሪያ ይዞ ይገባል። ቀጥሎ በጨው ውኃ ይታጠባል፤ ይህን መዝለል አይቻልም፣ የተረፈው ኢኖሲን በሰውነት ውስጥ ዩሪክ አሲድ ይሆናልና። የታጠበው ደም ከ1 እስከ 6 ዲግሪ ተቀምጦ በ24 ሰዓት ውስጥ መሰጠት አለበት።

ለሁሉም ታካሚ ግን አያስፈልግም። የተሰጠ ደም በአንድ እስከ ሦስት ቀን ዲፒጂውን ራሱ ይሠራል። ጥቅሙ ብዙ ከረጢት በአንድ ጊዜ ለሚወስድ ሰው ነው።

ሌላው መንገድ ኢኖሲቶል ሄክሳፎስፌትን ሴሉ ውስጥ ማስገባት ነው። ከዲፒጂ ይበልጥ ሄሞግሎቢን ላይ ይጣበቃል፣ ሴሉም ስለማይፈጨው ዕድሜውን ሙሉ አብሮት ይኖራል። (ጤፍ ውስጥ ያለው ፋይቴት ይኸው ነው፤ ሊጡ ሲቦካ ይፈርሳል፣ የታሰረው ብረትም ይፈታል።) ሄክሳፎስፌቱ በሴሉ ሽፋን በራሱ ስለማያልፍ፣ ሴሉ ጨው በሳሳ ፈሳሽ ውስጥ አብጦ ቀዳዳው እንዲከፈት ይደረጋል፤ ንጥረ ነገሩ ሲገባ ጨው ተመልሶ ቀዳዳው ይዘጋል። ከመጠን በላይ ያበጠው ይፈነዳል። ውጭ የቀረው ንጥረ ነገር ደግሞ የደሙን ካልሲየም ስለሚያስር እዚህም ማጠብ ግድ ነው።

በዚህ መንገድ ፒ50 ወደ 36 ወጣ እንበል። ባሕር ጠለል ላይ፣ የደም ቅዳው የኦክስጅን ግፊት 95 ሲሆን፣ ጭነቱ ከ97 ወደ 93 በመቶ ብቻ ይቀንሳል። ግፊቱ 60 በሆነበት ደጋ ግን ከ90 ወደ 80 ይወርዳል፤ ማራገፊያው ላይ ከተገኘው ትርፍ ግማሽ ያህሉ መጫኛው ላይ ይቀራል።