ኪራዩን ማን ይከፍላል?

ኒውዮርክ ውስጥ በእግር የሚያስጎበኝ አንድ ድርጅት ሲቀጥረኝ ረጅም ጽሑፍ ሰጡኝ። ሸምድድ ተባልኩ፤ ሸመደድኩ።

በጣም የሚወደድልኝ ድሮ የድሆችና የስደተኞች ሰፈር ስለነበረው ፋይቭ ፖይንትስ የሚያወራው ክፍል ነበር። ማንሃተን፣ ቻይናታውን ያለው ኮለምበስ ፓርክ ጋ ስንደርስ ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ። «እዚህ አካባቢ ኦልድ ብሪዋሪ የሚሉት የቢራ መጥመቂያ ነበር። በ1837 መኖሪያ ቤት ሆነ። አይሪሾችና ጥቁሮች፣ አንድ ሺህ ሰው፣ ታጭቀው ገቡበት። በ1852 እስኪፈርስ ድረስ፣ 15 ዓመት ሙሉ፣ በየሌሊቱ አንድ ሰው ይገደልበት ነበር!» ከዚያ ዝም እላለሁ። ሰዉን ይሰቀጥጠዋል። ቲፑም ደህና ነው።

አንድ ቅዳሜ ልጆቻቸውን ሊጠይቁ የመጡ የአገር ቤት እናቶችና አባቶች ደረሱኝ። በአማርኛ ሳስጎበኝ የመጀመሪያዬ ነበርና ትንሽ በርበሬ ነሰነስኩበት። ከኋላ፣ በጃኬታቸው ላይ ነጠላ ጣል ያደረጉ እናት እጃቸውን አወጡ።

«ልጄ፣ በየሌሊቱ ነው ያልከው?»

«አዎ እማማ።»

«በዓልም የለ፣ እሑድም የለ?»

«የለም።»

«እንግዲያው 5,475 ሰው ነው።» ጡረታ የወጡ ሒሳብ ሹም ናቸው፤ ወረቀት እንኳ አላወጡም። «ቤቱ የሚይዘው ደግሞ አንድ ሺህ። አምስት ጊዜ አልቀው፣ ኪራዩን ማን ይከፍላል?»

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፣ ጆሮዬ እየጋለ።

ማታ ቁጭ ብዬ አነበብኩ። በዚያ ዘመን በመላው ከተማ የሚመዘገበው የዓመት ግድያ ወደ 365 የሚጠጋ አይደለም። አንድ ቤት ውስጥ ቀርቶ!

ሰፈሩ ሰላም ነበር ለማለት አይደለም። 1857ን እንውሰድ። የክፍለ ግዛቱ መንግሥት የከተማውን ፖሊስ አፍርሶ በአዲስ ሊተካ ሲል አሮጌው አልፈርስም አለ። ጁን ላይ ሁለቱ ፖሊሶች በከተማው አስተዳደር ደጃፍ በዱላ ተቀጣቀጡ። ፖሊስ ከፖሊስ ሲደባደብ ሰፈሩን ማን ይይዘዋል? ጁላይ 4፣ በነጻነት በዓል ዕለት፣ ጋዜጦች ዴድ ራቢትስ ያሏቸው የአይሪሽ ወጣቶችና ባወሪ ቦይስ የሚባሉት ተቀናቃኞቻቸው ገጠሙ። ጡብና ድንጋይ ዘነበ፣ ጥይት ተተኮሰ። በሁለት ቀን 8 ያህል ሰው ሞተ። ይኼ በእውነት የሆነ ነገር ነው፤ የሆነበት ምክንያትም ይታወቃል። በእኔ ጽሑፍ ውስጥ ግን አንድ መስመር አልነበረውም።

ስለ መሬቱም አልነበረም። ሰፈሩ የተሠራው በተደፈነ ኩሬ ላይ ነው። ቤቶቹ ይሰምጣሉ፣ ምድር ቤቱ ውኃ ይቋጥራል። በ1832 እና በ1849 ኮሌራ ሲገባ በዚያ ሰፈር ጩቤ ያልፈጀውን ፈጀ። ኮሌራ ግን ቲፕ አያመጣም።

በ1991 ደግሞ ፍርድ ቤት ለመሥራት ቦታው ሲቆፈር ወደ 850,000 የሚጠጋ ዕቃና ስብርባሪ ወጣ። የሻይ ስኒ፣ የልጆች ብይ፣ የልብስ ሰፊ መርፌ። ክምችቱ ከዓለም ንግድ ማዕከል ሕንጻዎች በአንዱ ምድር ቤት ተቀመጠ። ሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 እዚያው ተቀበረ። የተረፈው በውሰት ሌላ ቦታ የነበረው 18 ዕቃ ብቻ ነው። ሰዎቹ ሻይ ያፈሉበትን ትቼ፣ ያልተገደሉትን ሳስጎበኝ ከርሜአለሁ። እኔ ራሴ የምኖረው ሰዎች «ማታ ማታ አያስፈራም?» በሚሉኝ የስደተኛ ሰፈር ነው። እንዴት አልጠረጠርኩም?

ሰኞ ለአለቃዬ ነገርኩት። «ያለ ግድያ ማን ይቆምልሃል?» አለኝ።

ግድያውን አልተውኩትም። እንደ ድሮው ድምፄን ዝቅ አድርጌ እነግራቸዋለሁ። ዝም ሲሉ «ስልካችሁን አውጡና 15ን በ365 አባዙ» እላለሁ። ቀጥሎ ስለ ኪራዩ እጠይቃቸዋለሁ።

ቲፑ አልቀነሰም።