አጥሩን ሳልለካ ቀብድ ሰጠሁ

በ2011 ዓ.ም. ባሕር ዳር ውስጥ፣ ከጣና ብዙም በማይርቅ የሀብታም ሰፈር ቤት ገዛሁ። ገንዘቡ ሃያ ዓመት ከቡሬ በርበሬ እየጫንሁ ያጠራቀምሁት ነው። አንድ ሰው አስቀድሞ ቢነግረኝ ኖሮ ስምንት ወር ደጅ ባልጠናሁ ነበር።

በእኔ መንገድ ካሉት አምስት ግቢዎች በሦስቱ የሚኖረው ዘበኛ ብቻ ነው። ባለቤቶቹ አሜሪካ ናቸው፤ ለጥምቀት ወይም ለሠርግ ብቅ ይላሉ። የቀረነው የሰፈሩ ሰዎች ጡረታ የወጣ ሹም፣ ባለሆቴል፣ ልጆቹን ሊያስተምር ከወረዳ የመጣ ነጋዴ ነን። እንዲህ ያለ ሰፈር ውስጥ ሻጭ አይቸኩልም፤ በዶላር አስቦ በብር ይናገራል። ሕጉ መሬት አይሸጥም ይላል፤ ደላላው ግን ዋጋ የሚጠራው በካሬ ነው። በዚያ ላይ «ነባር ይዞታ ነው»፣ ማለትም መሬት ከመንግሥት ለተወሰነ ዘመን በኪራይ የሚያዝበት ሊዝ ከመምጣቱ በፊት የተያዘ ነው ብሎ ጨመረብኝ። ነባር ይዞታ ከውርስ ውጭ ለሌላ ሰው ሲተላለፍ ወደ ሊዝ እንደሚገባ በአዋጅ 721/2004 ተጽፏል፤ እኔ የሰማሁት ከከፈልሁ በኋላ ነው።

ዕዳና እገዳ ማጣራት አንድ ቀን ፈጀ። የሻጩን ውክልና ጠበቃ አነበበልኝ፤ «ቤት መሸጥ» የሚል ሥልጣን በግልጽ ካልተሰጠበት ዋጋ የለውም።

ጣጣው አጥሩ ነው። ደላላው ወደ ግቢው የወሰደኝ አመሻሽ ላይ፣ የሐይቁ ነፋስ ሲነሣ ነበር። ጥግ ላይ ቅርንጫፉ በፍሬ የጎበጠ አቮካዶ ቆሟል። «እትዬ፣ ነገ ሌላ ገዢ አለ» አለኝ። በዚያው ምሽት ቀብድ ሰጠሁ። ጆንያውን ሳላስዘረግፍ አንድ ኪሎ በርበሬ የማልገዛ ሴት፣ ካርታው ላይ 250 ካሬ የሚለውን አንብቤ ግቢውን በዓይኔ ለካሁት!

ለሽያጩ ማስረጃ ስንጠይቅ ባለሙያ ሜትር ይዞ መጣ። ዘረጋ፣ ጻፈ፣ እንደገና ዘረጋ። 312 ካሬ። አቮካዶው ሙሉ በሙሉ ያረፈው ካርታው ላይ በሌለው ትርፍ ላይ ነው። ወደ ሻጩ ወኪል ሄድሁ፤ «ካርታውን አይተሽ የለም እንዴ?» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ይኸው ነው የሚያናድደኝ። ገዢ ካፈገፈገ ቀብዱ ይቀራል፤ ሻጭ ካፈገፈገ እጥፍ ይመልሳል። ወኪሉ ይህን ከእኔ ቀድሞ ያውቅ ነበር።

ከዚያ የመሬት ቢሮው። መጀመሪያ «አጥሩ ይፍረስ» አሉ። ቀጥለው «ሊስተካከል ይችላል፣ የአዋሳኙን ፊርማ አምጪ» አሉ፤ አዋሳኙ ደግሞ አሜሪካ ነው። ፊርማው በስንት ልመና ሲመጣ ባለሙያው ሥልጠና ላይ ነበር። ሲመለስ ፋይሉ ጠፋ። «ነገ ተመለሺ፣ እናቴ» የሚለውን ስንት ጊዜ እንደሰማሁ እንጃ። አንድ ጠዋት ቆሜ ስጠብቅ የቡና ስኒ ከተደረደረበት ክምር ሥር ስሜን አየሁት፤ ፋይሌ ስኒ ተሸክሞ ከርሟል። ስኒዎቹን ራሴ አነሣሁ። የተቆጣኝ አልነበረም። በመጨረሻም ወደ መጀመሪያው ቃላቸው ተመለሱና አጥሩ ፈረሰ፤ አዲሱን በራሴ ወጪ 62 ካሬ ወደ ውስጥ ገብቼ አቆምሁት።

ቢሮው «ካርታ አይታችሁ፣ ዕዳና እገዳ አጣርታችሁ ግዙ» ይላል። እኔ ግን የምለው፦ ከሁሉም በፊት ቀያሽ ቅጠሩ። ደላላው ቢያኮርፍም ያኩርፍ። ግቢውንም በቀትር እዩት፤ አመሻሽ ላይ የማያምር ግቢ የለም።

ቤቱ ግን ያምራል፤ አልዋሽም። አቮካዶው አሁን ከአጥሩ ውጭ ነው። የጎረቤት ዘበኛ በሰሙነ ሕማማት ለቅሞ በፌስታል ያመጣልኛል። «ጋሼ፣ ስንት ነው?» እለዋለሁ፤ እንከራከርና እገዛዋለሁ።