ሦስት ቺንጋ የጨረሰችው ሴስና

በምሠራበት የበረራ ማሠልጠኛ ሃንጋር አንዲት ሴስና 172 የተባለች ትንሽ አውሮፕላን በጥቂት ወራት ውስጥ ሦስተኛ የዲናሞ ቺንጋዋን፣ ማለትም ኤሌክትሪክ አመንጪውን የሚያዞረውን የጎማ ቀበቶ፣ አበላሽታ ስትመለስ፣ የፊተኞቹን ሁለቱን የለወጥኳቸው እኔው ስለነበርኩ ነገሩ እጅግ አሳሰበኝ። ከመኪና ጋራዥ ወደ አውሮፕላን ጥገና ለተሻገራችሁ ወጣቶች ይጠቅማል ብዬ ያየሁትን እጽፋለሁ።

በአብዛኛው መኪና ላይ ቺንጋ መለወጥ ቀላል ሥራ ነው። የዚህች አውሮፕላን ላይካሚንግ ኦ-320 ሞተር ግን ዲናሞው ከፊት የተገጠመ ሲሆን፣ ቺንጋው የሚጠመጠመው ከፕሮፔለሩ ጀርባ ባለው፣ የሞተሪኖው (የሞተር ማስነሻው) ጥርስ ባለበት ቮላኖ (ከሞተሩ ጋር በሚዞረው መንኮራኩር) ላይ ስለሆነ ፕሮፔለሩ ሳይወርድ አዲስ ቺንጋ አይገባም። ፕሮፔለሩ በወረደ ቁጥር ለስህተት በር ይከፈታል፤ በቮላኖው ላይ ያለው የ«ኦ» ምልክት በክራንክ ዘንጉ ላይ ካለው ካልገጠመ የማግኔቶ (ሞተሩን የሚያቀጣጥለውን ብልጭታ የሚፈጥረው መሣሪያ) ማስተካከያ ምልክቶች ይዛባሉ፣ ብሎኖቹም በታዘዘው መጠን ጠብቀው በሽቦ መታሰር አለባቸው። ቁልፉ ኪሳችሁ ውስጥ ቢሆንም እንኳ ማግኔቶውን የሚያጠፋው ሽቦ ተበጥሶ ሊሆን ስለሚችል፣ ፕሮፔለሩን ሁልጊዜ ሞተሩ ሊነሣ እንደሚችል ቆጥራችሁ ንኩት።

አብራሪዎቹ የነገሩኝ ምልክት የቮልቴጅ ማነስ መብራት ይበራል የሚል ነበር። ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ሲሠራ መብራቱ ቢበራና ነዳጅ ሲጨመርለት ቢጠፋ አያስደነግጥም፤ የማረፊያ መብራትና የፒቶት (የፍጥነት መለኪያው የአየር ቱቦ) ማሞቂያ በርተው፣ ዙሩ ከፍ ብሎ እያለ ባትሪው ሲራገፍ ከታየ ግን ቺንጋው እየተንሸራተተ ሊሆን ይችላል። ማግኔቶዎቹ የራሳቸውን ብልጭታ ስለሚፈጥሩ ሞተሩ አይጠፋም፤ ሬዲዮውና መብራቶቹ ግን በባትሪው ብቻ ይቀራሉ፣ ይህም በሌሊት ወይም በደመና ውስጥ ከባድ አደጋ ነው። ብዙ ባለሙያ በዚህ ጊዜ በቀጥታ ወደ ዲናሞውና ወደ ሬጉሌተሩ (የቮልቴጅ መቆጣጠሪያው) ይሄዳል። እኔ አስቀድማችሁ ኮፈኑን (የሞተሩን ክዳን) እንድትከፍቱ እመክራለሁ፤ ጥቁር የጎማ ዱቄት በዙሪያው ከተበተነ ቺንጋው ራሱ እየተናገረ ነው።

ውጥረቱን በአውራ ጣት መገመት መጥፎ ልማድ ነው። የላይካሚንግ የአገልግሎት መመሪያ 1129 እንደሚለው፣ በሁለቱ ፑሌጃዎች (ቺንጋው በሚዞርባቸው በቮላኖውና በዲናሞው መንኮራኩሮች) መካከል ቺንጋው በ14 ፓውንድ ኃይል ሲሳብ 5/16 ኢንች፣ ማለትም 8 ሚሊ ሜትር ገደማ መርገብ አለበት። ከዚህ በላይ የረገበ ይንሸራተታል፣ ከመጠን በላይ የጠበቀ ደግሞ የዲናሞውን ኩሽኔታ (ዘንጉ የሚዞርበትን ተሸካሚ) ይበላል። ጩኸት ለማፈን በቺንጋ ላይ ቅባት መርጨት ግን ፈጽሞ አይገባም።

የእኔ ስህተት ውጥረቱ ላይ አልነበረም፤ ሁለቱንም ጊዜ በትክክል ለክቼ ነበር። ያላየሁት የወለቀውን ቺንጋ ነው። ሁለቱም ጎኖቹ እንደ መስታወት ሲያብረቀርቁ መንሸራተቱን፣ ውስጡ ሲሰነጣጠቅ ሙቀትንና እርጅናን፣ አንዱ ጎን ብቻ ሲበላ ደግሞ ፑሌጃዎቹ በአንድ መስመር ላይ አለመሆናቸውን ያሳያል። ሦስተኛውን ቺንጋ አዙሬ ሳየው የተበላው በአንድ ጎኑ ብቻ ነበር። ቀጥ ያለ ብረት በሁለቱ ፑሌጃዎች ፊት ባስቀምጥ፣ የዲናሞው ፑሌጃ ወደ ኋላ ሸሽቶ በመካከል ክፍተት ታየ። ርቀቱን የሚጠብቅ አንድ ሮንዴላ (የብሎን ቀለበት) ከቦታው ጎድሏል። ዲናሞውን የሚይዘውን ብረት (ስታፋ) አውርጄ በሚገባ ካጠብኩ በኋላ በአጉሊ መነጽር ስመረምረው፣ ከብሎኑ ቀዳዳ አጠገብ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አገኘሁበት። ፑሌጃውም በዝገት ተቦርቡሮ ቺንጋውን እንደ ሞረድ ይሞርደው ነበር።

ስታፋውንና ፑሌጃውን ለወጥን፣ ሮንዴላዎቹን በክፍሎች ካታሎጉ ልክ መለስን። አዲስ ቺንጋ መጀመሪያ ላይ ስለሚለጠጥ ከ25 የበረራ ሰዓት በኋላ ኮፈኑን እንደገና ከፍቼ ውጥረቱን ለካሁ፤ ትንሽ ረግቦ ስለነበር አስተካክዬ የብሎኑን ማሰሪያ ሽቦ መልሼ አሰርኩ። ቀጥ ያለው ብረት አሁንም ሁለቱን ፑሌጃዎች እኩል ይነካል፣ ኮፈኑም ውስጥ ጥቁር ዱቄት የለም።