አልፈልግም ማለት ባግ ነው ወይ?

ጅማ ፈረንጅ አራዳ ያለው ቢሯችን የሰው ጌም ይፈትሻል። ውጭ አገር ያለ ደንበኛ ቢልዱን፣ ማለትም ገና እየተሠራ ያለውን የጌሙን ቅጂ ይልክልናል፤ እኛ እንጫወታለን፣ ባግ (የአሠራር ስህተት) ስናገኝ ቲኬት እንከፍታለን፣ ማለትም ለደንበኛው ሪፖርት እንጽፋለን። ያን ሰሞን የያዝነው ረጅም አርፒጂ ነበር፤ አንድ ገጸ ባሕርይ ሆነህ ታሪኩን የምትኖርበት ጌም። አጃቢዎች ትይዛለህ፣ ታወራቸዋለህ፣ ስጦታ ትሰጣለህ። የቀረቤታው ነጥብ ሲሞላ የፍቅሩ መስመር ይከፈታል።

አንዱ ልጅ ቲኬት ከፈተ። «ተጫዋቿ ሴት ስትሆን የሐኪሙ የፍቅር መስመር አይከፈትም። ነጥቡ ሙሉ ነው» ይላል። ከፍተኛ ተብሎ ቀይ ተደርጎበታል።

እሱ ሲጫወት ያስቀመጠውን ሴቭ ወስጄ አየሁት። ሐኪሙ ከአጃቢዎቹ አንዱ ነው፤ በትሕትና አይሆንም ይላታል። ወንድ ገጸ ባሕርይ ይዤ ስገባ መስመሩ ወዲያው ተከፈተ። ሐኪሙ የሚወደው ወንድ ነው። ቀደም ብሎ ባለ ንግግር ላይ ቤተሰቡ ሊድሩት ሲሉ ከአገሩ መጥፋቱንም ይናገራል። ያንን ማንም አላዳመጠውም፤ ቴስተር ሲቸኩል ንግግር ይዘላል።

ለቡድን መሪያችን ነገርኳቸው። «ጋሼ፣ ይሄ ባግ አይደለም። ሰውየው የተጻፈው እንደዚያ ሆኖ ነው።»

«ለሁሉም ይከፈት በሉ» አሉ። «ገንዘቡን ከፍሎ የገዛ ሰው እንዴት እምቢ ይባላል? ደግሞ እንዲህ ያለውን ነገር ባናነካካው ይሻላል።»

ክፍሉ ዝም አለ። የአገራችን የወንጀል ሕግ የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን እንደሚቀጣ ሁላችንም እናውቃለን። ቢሮ ውስጥ በዚህ ጉዳይ አፉን ሞልቶ የሚናገር ሰው የለም። በዚያ ላይ መብራት ሄዶ የመጠባበቂያ ባትሪው፣ ዩፒኤሱ፣ ይጮሃል።

የተናገረችው ከአስር ሰላት ገና የተመለሰችው ባልደረባችን ናት። ቀና እንኳ አላለችም፤ ኮምፒውተሩ ሳይጠፋባት ሴቭ እያደረገች ነበር።

«ሴት ልጅ አልፈልግም ስትልም ቲኬት ልትከፍቱባት ነው?»

«የኔ ልጅ፣ ጌም ነው እኮ» አሏት።

«ጌም ከሆነ እምቢ ቢላት ምን ትሆናለች? ሽማግሌ ተልኮ እንኳ እምቢ ይባላል። ስጦታ ስለተቀበለ ብቻ እሺ ማለት አለበት?»

ጋሼ መልስ አልሰጡም። ቲኬቱ እንዳለ ይላክ ብለው ወጡ።

ክርክሩ ጅማ ላይ የተጀመረ አይደለም። ድራገን ኤጅ ኦሪጅንስ የሚባለው አርፒጂ እ.ኤ.አ. በ2009 ሲወጣ፣ ከአጃቢዎቹ አሊስተር ሴት ብቻ፣ ሞሪጋን ወንድ ብቻ ነበር የሚቀበሉት፤ ሌሊያናና ዜቭራን ለሁለቱም ክፍት ነበሩ። በ2011 የወጣው ሁለተኛው ጌም ላይ አንደርስ፣ ፌንሪስ፣ ኢዛቤላና ሜሪል ተጫዋቹ ወንድም ይሁን ሴት እሺ ይላሉ። ብዙ ሰው ይሄ ከእውነታው የራቀ ነው ብሎ አማረረ። በ2014 በወጣው ሦስተኛው ጌም፣ ኢንኩዊዚሽን ላይ ገደቡ ተመለሰ። ዶሪያን ወንድ ብቻ፣ ሴራ ሴት ብቻ፣ ካሳንድራ ወንድ ብቻ። ዶሪያን ከአባቱ ጋር የተቆራረጠው ወንድ በመውደዱ ነው፤ አባትየው በአስማት ሊለውጠው አስቦ ነበር። ይህ ሰው ሴት ስትጠይቀውም እሺ ቢል ኖሮ ያ ሁሉ ታሪክ ገደል ይገባ ነበር።

የሌላው ወገን ክርክርም ቀላል አይደለም። ስታርዲው ቫሊ የሚባለው የእርሻ ጌም ላይ የመንደሩን ላጤዎች ወንድም ሴትም ሆነህ ማግባት ትችላለህ፣ ማንም አይከፋም። ገደብ ሲኖር ደግሞ የሚጎዳው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ምርጫ ብቻ የሚቀርለት ተጫዋች ነው። ሳይበርፐንክ 2077 የሚባለው ጌም ላይ ወንድ ሆኖ ከወንድ ጋር ዘላቂ ፍቅር የሚፈልግ ሰው ያለው ኬሪ ብቻ ነው። ኬሪም የሚመጣው ታሪኩ ብዙ ከሄደ በኋላ ነው። ይሄ ትክክል አይመስለኝም።

ባልደርስ ጌት 3 የሚባለውን አርፒጂ ሳልጨምር ባልፍ ደግሞ ግፍ ይሆንብኛል። ዋናዎቹ አጃቢዎች ለወንድም ለሴትም ክፍት ናቸው፣ ግን የራሳቸው አቋም አላቸው። ከጎብሊኖቹ ጋር አብረህ ስደተኞቹን ካስጨፈጨፍክ ካርላክና ዊል አብረውህ አይቀጥሉም። ስለዚህ ጾታ ብቻውን ሰውን ሰው አያደርገውም። እኔ የምከራከረው እምቢ የሚልበት የራሱ ምክንያት ይኑረው ብዬ ነው። የኛ ሐኪም ምክንያት ነበረው። ተጫዋች እንዳይከፋ ተብሎ ያንን መፋቅ ገጸ ባሕርዩን ሳንቲም ሲገባበት ዕቃ የሚተፋ ማሽን ማድረግ ነው።

ቲኬቱ ከመሄዱ በፊት ባልደረባችን ከሥሩ አስተያየት ጻፈችበት። ሐኪሙ እምቢ ማለቱ ልክ ነው፣ ችግሩ የሚናገርበት ሰዓት ነው አለች። ጌሙ ለሴቷ ተጫዋች የልብ ምልክት ያለበትን መልስ እስከ መጨረሻው ያቀርብላታል። ስጦታዋን ይቀበላታል፣ ነጥቧን ይሞላላታል፣ ከዚያ በር ይዘጋባታል። ሁለተኛው ውይይት ላይ ይንገራት፣ ከዚያ በኋላ የልቡ ምልክት ይጥፋ፣ ነጥቡም ወደ ወዳጅነት ይዙር። እውነትም የተበሳጨው ልጅ ቲኬት የከፈተው ለዚህ ነበር።

መልስ መጣ። የሐኪሙ ምርጫ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው፣ አይነካም። አስተያየቱ ግን ተወስዷል። ቀጣዩ ቢልድ ላይ ሐኪሙ ሁለተኛው ውይይት ላይ ቁስል እየጠቀለለ ስለ ራሱ ይነግራታል። የልቡ ምልክት ይጠፋል። በምትኩ የጠፋች እህቱን አብረው የሚፈልጉበት ተልእኮ ይከፈታል። ተጫወትኩት፣ ከፍቅሩ መስመር የተሻለ ሆኖ አገኘሁት።

የወሩ ሪፖርት ላይ «ደንበኛው የተቀበለው የዲዛይን ማሻሻያ» ተብሎ በመሪያችን ስም ገብቷል። አሁንም ያንገበግበኛል። ሐሳቡ የእሷ ነው፣ አስተያየቱን የጻፈችውም እሷ ናት። ጋሼ እንዲያውም ያን ቀን ለሁሉም ይከፈት ነበር ያሉት።