ከራፖር ጽሕፈት እስከ ነገረ ፈጅነት

ሕግ ስማር ከፊቴ የሚታዩኝ ወንበሮች ሦስት ብቻ ነበሩ፤ የዳኛ፣ የዐቃቤ ሕግ እና የጠበቃ። ተመርቄ፣ የመውጫ ፈተናውንም አልፌ ስምንት ወር ሥራ ሳላገኝ ቆየሁ። አቃቂ ፍርድ ቤት አጠገብ ራፖር፣ ማለትም ለባለጉዳይ የፍርድ ቤት ማመልከቻ፣ የሚጽፉ አንድ ጎረቤታችን፣ «ልጄ፣ ቤት ከምትቀመጪ ነይና አግዢኝ» አሉኝ። ጋሼ ነበር የምላቸው።

በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ የክስ ማመልከቻ ምን መያዝ እንዳለበት፣ የማስረጃ ዝርዝር እንዴት እንደሚያያዝ ይናገራል፤ ይህንን አጥንቻለሁ። ነገሩን ከሠርጓ ቀን ጀምራ እያለቀሰች የምትተርክ እናት የነገረችኝን ዳኛ ሊወስንበት ወደሚችል ሁለት ገጽ ማምጣት ግን ከጋሼ የተማርኩት ነው። እርሳቸው «ምን ሆንሽ?» ብለው አይጀምሩም፤ «ፍርድ ቤቱ ምን እንዲወስንልሽ ትፈልጊያለሽ?» ይላሉ።

አካባቢው የፋብሪካ ሰፈር ነውና ብዙ ሠራተኞች ይመጡ ነበር። አንድ ቀን የስንብት ደብዳቤ የያዘች ወጣት መጣች። ቀኑን አየሁ፤ አራት ወር አልፎታል። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፤ ጊዜው አልፎበታልና ፍርድ ቤት አያየውም። «እህቴ፣ አለቃዬ እንመልስሻለን ሲሉኝ ጠበቅኩ» አለችኝ። ላልተከፈላት ደመወዝ የ6 ወሩ ጊዜ ገና ስላላለፈ ያንኑ ጻፍንላት። ሥራዋን ግን ልናስመልስላት አልቻልንም። ሌሊቱን ሙሉ የደብዳቤው ቀን ከዓይኔ አልጠፋም።

ከዚያ በኋላ የምፈልገው ጠብ ከመነሣቱ በፊት የሚሠራ የሕግ ሥራ ሆነ። አንድ ፋብሪካ ነገረ ፈጅ፣ ማለትም የራሱን የሕግ ጉዳይ የሚይዝለት ተቀጣሪ ባለሙያ፣ ሲፈልግ አመለከትኩና ተቀጠርኩ። ሰው ነገረ ፈጅ ሲባል ፍርድ ቤት ሲመላለስ ይታየዋል፤ እኔ አብዛኛውን ቀን የማሳልፈው ውል በማንበብና የሠራተኛ ማኅደር በመመርመር ነው። በተቀጠርኩ በስድስተኛው ወር የሰው ኃይል ኃላፊው የአንድ ሠራተኛ የስንብት ደብዳቤ አመጡልኝ። ጥፋቱን ካወቁ ሦስት ወር ሆኗቸዋል። አሠሪ ያለ ማስጠንቀቂያ ማሰናበት የሚችለው ምክንያቱን ባወቀ በ30 የሥራ ቀናት ውስጥ ነው፤ ስለዚህ አልስማማም አልኩ።

«አንቺ የማን ነሽ፣ የድርጅቱ ወይስ የሠራተኛው?» አሉኝ።

«የድርጅቱ ስለሆንኩ ነው። ቢከሰን ይረታናል።»

ደብዳቤው ቀረ።

አብረውኝ ከተማሩት አንዱ ተከላካይ ጠበቃ ነው፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ጠበቃ ለማቆም አቅም ለሌለው ተከሳሽ የሰጠው መብት በእርሱ ጉሮሮ ይናገራል። ከሁላችንም ሥራ የእርሱን አከብራለሁ። ሌላዋ የጥብቅና ድርጅት ውስጥ ትሠራለች፤ ጠበቆች በድርጅት ተደራጅተው እንዲሠሩ በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1249 የከፈተው በር ነው። አዲስ ተመራቂዎች ሲጠይቁኝ ግን መጀመሪያ ራፖር ጸሐፊ ዘንድ ጥቂት ወራት እንዲቀመጡ እመክራለሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት አሁንም ጋሼ ዘንድ እሄዳለሁ። የእኛን ፋብሪካ ሠራተኞች ጉዳይ አልነካም። ሌላ ሰው ደብዳቤ ይዞ ሲገባ ግን፣ ገና ሳይቀመጥ፣ መቼ እንደደረሰው እጠይቀዋለሁ።