ከውፍረቱ የተረፈው ቆዳ

እህቴ ከሳች። ደብረ ማርቆስ ላይ ይህን ያየ ሁሉ «ምነው? ምን አገኛት?» ይላል። ውፍረት የድሎት ምልክት ሆኖ በኖረበት አገር፣ በሐኪም ምክር አመጋገቧን አስተካክላ፣ በእግሯ ተመላልሳ ነው ብሎ ማስረዳት ያደክማል። ስኳሯ ወርዷል፤ ዳገቱንም ሳታርፍ ትወጣለች።

ያስመረራት የተረፈው ቆዳ ነው። ከእምብርቷ በታች እንደ ታጠፈ ጋቢ ጭኗ ላይ ያርፋል። ከእጥፋቱ ሥር ላብ ይጠራቀማል፣ ይልጣል፣ ይሸታል። ጠዋት ጠዋት ታጥባ፣ በደንብ አድርቃ፣ ከአሮጌ ነጠላ የቀደደችውን ስስ ጨርቅ ታስገባበታለች። መቀነቷን ከላይ ብታስረው ደረቷ ሥር ይወጣባታል፤ ዝቅ ብታደርገው ቁስሉን ይፈገፍጋታል። «ስፖርት ሥሪ» ይሏታል። ስፖርት ጡንቻን ያጠነክራል እንጂ ለዓመታት ተለጥጦ የመሰብሰብ ኃይሉን ያጣ ቆዳን አይመልስም።

አዲስ አበባ ያያት የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪም አልሸነገላትም። ቀዶ ሕክምናው ለመክሳት አይደለም፤ ትርፉን ቆዳ ቆርጦ ማንሣት ነው፤ ከዳሌ እስከ ዳሌ የሚሄድ ጠባሳም ይተዋል። ክብደቷ ቢያንስ ለ6 ወር ሳይወጣ ሳይወርድ መቆየት አለበት። ፕሮቲን ካነሳት ቁስሉ ቶሎ አይገጥምም። ከቆዳው ሥር ፈሳሽ ሊቋጥር ስለሚችል ማፍሰሻ ቱቦ ይደረግላታል። እግር ላይ ደም ረግቶ ወደ ሳንባ ሊሄድም ይችላል፤ እኔን ያስፈራኝ ይህኛው ነው። ወደ 300 ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን መንገድ፣ ያውም የዓባይን በረሃ ወርዶ ወጥቶ፣ ቁስሏ ሳይጠግግ አውቶቡስ ላይ ተኮራምታ አትመጣም። እስክትድን እዚያው አዲስ አበባ አጎታችን ቤት ትቀመጣለች።

እናታችን «ለቁንጅና ብለሽ ሥጋሽን ታስቆርጫለሽ?» ትላታለች። እናታችን ፈርታ መሆኑን አውቃለሁ፤ ቃሉ ግን ያመኛል። ያን ጨርቅ በየቀኑ የማጥበው እኔ ነኝ። ደግሞስ ቁንጅናም ቢሆን ምን ነውር አለው? ያን ሁሉ ሸክም በገዛ ጥረቷ ያወረደች ሴት ልብሷ እንዲያምርባት ብትመኝ ይገባታል።

ቀጠሮው ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን ራሷ ጠየቀች። የሁዳዴን 55 ቀን በሽሮና በምስር ትጾማለች። በበዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾም እንቁላሉንና ወተቱን ያለ ሐሳብ ትበላለች። የሰኔው ጾም ሲገባ ቁስሉ ገና ከሆነ፣ የንስሐ አባቷን አስቀድማ ልታማክር ወስናለች።